ጁሊየስ ኔሬሬ፦ ገበሬውን ያመኑትም ያዘዙትም መምህር

አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ የሰላምና የፀጥታ ጉዳዮች የሚመከሩበት ሕንፃ በአንድ የታንዛንያ መምህር ስም ይጠራል። በ2024 ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ሐውልታቸው ቆሟል። ጁሊየስ ካምባራጌ ኔሬሬ ለአህጉሩ ነፃነት የዋሉት ውለታ ብዙም አያከራክርም። አገራቸውን የመሩበት የኢኮኖሚ መንገድ ግን ካረፉ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም ማከራከሩን አላቆመም።

ኔሬሬ በ1985 ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ሲለቁ የዳሬሰላም ሱቆች መደርደሪያ ባዶ ነበር። ሳሙና፣ ስኳርና የምግብ ዘይት ብርቅ ሆነው ነበር። በዚያው ጊዜ ግን ታንዛንያ በነፃነቷ ዋዜማ ከነበረችበት መሃይምነት ወጥታ፣ አብዛኛው ሕዝቧ ማንበብና መጻፍ የሚችል አገር ሆና ነበር። ሁለቱም ውጤቶች የአንድ ሰው እምነት ፍሬዎች ናቸው።

ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ሕይወት እንደገና የሚመረመርበት ምክንያት አለ። በርካታ የቀጣናው መንግሥታት ዕዳ ከብዷቸው ከዓለም የገንዘብ ድርጅት፣ ከአይ ኤም ኤፍ፣ ጋር በተደራደሩት መንገድ ላይ ናቸው። በኬንያ በ2024 ወጣቶች የግብር ጭማሪን በመቃወም አደባባይ ወጥተዋል። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት የብርን የምንዛሪ ተመን ለገበያ ለቃለች። ሌላ መንገድ የለም ወይ የሚለው ጥያቄ በየአገሩ ሲነሣ፣ ኔሬሬ መንገዱን ሞክረው ያለፉ ሰው ሆነው ይታወሳሉ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የዝናብ ስም የተሰጠው ልጅ

ኔሬሬ የተወለዱት ኤፕሪል 13 ቀን 1922 ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለችው ቡቲያማ መንደር ነው። አባታቸው ኔሬሬ ቡሪቶ ዛናኪ የሚባለው አነስተኛ ብሔረሰብ አለቃ ነበሩ። ሕፃኑ በዝናብ ወራት በመወለዱ ካምባራጌ የተባለ፣ የዝናብ መንፈስ መጠሪያ የሆነ ስም ተሰጠው። አባታቸው ከሃያ በላይ ሚስቶች የነበሯቸው ሲሆኑ፣ ልጁ ያደገው ከብዙ ወንድሞችና እኅቶች ጋር ከብት እየጠበቀ ነው። አንዱ ያመጣውን ሁሉም የሚካፈልበት ያ ሰፊ ቤተሰብ፣ በኋላ ላይ ለፖለቲካ ፍልስፍናቸው ስም ሰጥቶታል። ኡጃማ በስዋሂሊ ቤተሰብነት ማለት ነው።

ትምህርት የጀመሩት በ12 ዓመታቸው፣ በሙሶማ ከተማ ነው። ዘግይተው ቢጀምሩም ቀድመው ጨረሱ። ከታቦራ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወደ ዩጋንዳው ማካሬሬ ኮሌጅ አመሩ፤ በዚያም የመምህርነት ዲፕሎማ ተቀበሉ። በ1943 የካቶሊክ ክርስትናን ተቀብለው ጁሊየስ ተባሉ። ጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ በ1949 ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው፣ በ1952 ከኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ተመረቁ። በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ ለመማር የመጀመሪያው የታንጋኒካ ተወላጅ ነበሩ።

ሲመለሱ ከዳሬሰላም አቅራቢያ በሚገኘው የፑጉ ካቶሊክ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ምዋሊሙ፣ ማለትም መምህር፣ የሚለው መጠሪያ ከዚያ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያቸውም። ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ እንኳ ሌሊቱን ለትርጉም ይሰጡት ነበር፤ ሁለት የሼክስፒር ተውኔቶችን ወደ ስዋሂሊ መልሰዋል።

ነፃነት ያለ ደም

በ1954 ጁላይ 7 ቀን ታኑ የተባለው የታንጋኒካ አፍሪካዊ ብሔራዊ ኅብረት ሲመሠረት ኔሬሬ ሊቀ መንበሩ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት በኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት የባለአደራ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ለአገራቸው ነፃነት ተከራከሩ። ትምህርት ቤቱ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ ሲጠይቃቸው ደመወዛቸውን ትተው ፖለቲካውን መረጡ።

ታንጋኒካ ዲሴምበር 9 ቀን 1961 ያለ ጦርነት ነፃ ወጣች። ከ120 በላይ ብሔረሰቦች ያሏት ሰፊ አገር ስትሆን፣ በአገሪቱ የነበሩት አፍሪካውያን ሐኪሞችና መሐንዲሶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔሬሬ ነፃነት በተገኘ በሳምንታት ውስጥ ያደረጉት ነገር ብዙዎችን አስገረመ። ሥራቸውን ለባልደረባቸው ለራሺዲ ካዋዋ ለቀው ወደ ገጠር ወጡ። ዓላማቸው ፓርቲውን ከሕዝቡ ጋር እንደገና ማስተሳሰር ነበር። ኡጃማን የሚያብራራውን የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ያወጡትም በዚያው በ1962 ነው። በዓመቱ መጨረሻ አገሪቱ ሪፐብሊክ ስትሆን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመለሱ።

በሜይ 1963 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ኔሬሬ ነበሩ። የድርጅቱ የነፃነት ኮሚቴ መቀመጫ ዳሬሰላም ሆነ፤ ከሞዛምቢክ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከዚምባብዌና ከናሚቢያ የመጡ ታጋዮች እዚያ መጠለያ አገኙ። በኤፕሪል 1964 ታንጋኒካ ከዛንዚባር ጋር ተዋሐደች፤ ኅብረቱም ያንኑ ዓመት ሳይወጣ ታንዛንያ የሚለውን ስም ያዘ።

የዚህ ዘመን ሌላ ገጽም አለ። ከ1962 ጀምሮ መንግሥት ተቃዋሚን ያለ ፍርድ ማሰር የሚያስችለው ሕግ ነበረው። በ1965 ደግሞ አገሪቱ በሕግ የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች። ይህ ውሳኔ በኋላ በኢኮኖሚው ላይ የሚያመጣውን መዘዝ በዚያን ጊዜ ያስተዋለው ጥቂት ሰው ነበር።

ከተማሪዎቹ ቁጣ ወደ አሩሻ

በኦክቶበር 1966 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ሰልፍ ወጡ። ተቃውሟቸው በዝቅተኛ ክፍያ ብሔራዊ አገልግሎት እንዲሰጡ በመገደዳቸው ነበር። ሹማምንቱ በከፍተኛ ደመወዝ እየኖሩ እኛን ቆጥቡ ይሉናል የሚል ቅሬታም ነበራቸው። ኔሬሬ ተቆጥተው ከ300 በላይ ተማሪዎችን ወደየመንደራቸው አባረሩ። ነገር ግን ቅሬታው እውነት እንደነበረበት ተረድተዋል። እዚያው ላይ የራሳቸውን ደመወዝ በ20 በመቶ ቀነሱ፤ ከፍተኛ ባለሥልጣናትም እንዲሁ እንዲደረግባቸው አዘዙ።

ከሦስት ወራት በኋላ ታኑ በሰሜናዊቷ አሩሻ ተሰብስቦ የአገሪቱን አቅጣጫ የሚወስን ሰነድ አጸደቀ። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1967 ይፋ የሆነው የአሩሻ አዋጅ ሁለት ምሰሶዎች ነበሩት፤ ሶሻሊዝምና በራስ መተማመን። የሰነዱ መከራከሪያ ድሃ አገር በሌላት ገንዘብ ላይ ተመሥርታ ልታድግ አትችልም የሚል ነበር። የውጭ ብድር ነፃነትን ይሸረሽራል፤ ለከተማ ፋብሪካ የሚወሰደውን ዕዳ የሚከፍለው ደግሞ ቡናና ጥጥ የሚያመርተው ገበሬ ነው። ስለዚህ የልማት መነሻ ገንዘብ ሳይሆን ሕዝብ፣ መሬት፣ ጥሩ ፖሊሲና ጥሩ አመራር ናቸው ይላል አዋጁ።

አዋጁ በወጣ በማግሥቱ ባንኮች በመንግሥት ተወረሱ። ኢንሹራንስ፣ ትላልቅ የአስመጪና ላኪ ድርጅቶችና የእህል ፋብሪካዎች ተከተሉ። በሲሳል ቃጫ እርሻዎች ላይም መንግሥት አብላጫውን ድርሻ ያዘ። ከሁሉም የበለጠ ሹማምንቱን ያስደነገጠው ግን የመሪዎች ደንብ ነበር። የፓርቲና የመንግሥት ባለሥልጣን የኩባንያ አክሲዮን መያዝ፣ ሁለት ደመወዝ መቀበልና ቤት ማከራየት ተከለከለ። በአፍሪካ መሪዎች ላይ የተጣለ እንዲህ ያለ ገደብ እምብዛም አልነበረም። ኔሬሬ ራሳቸውም በዚያው ደንብ ኖሩ፤ ከሥልጣን ሲወርዱ ሀብት አከማችተዋል ብሎ የከሰሳቸው የለም።

ሊቶዋ፦ ከሥር የበቀለው

የኡጃማ ትልቁ ጥያቄ ግን ባንክ ሳይሆን መሬት ነበር። ከአገሪቱ ሕዝብ ከአሥር ዘጠኙ በገጠር ተበታትኖ ይኖር ነበር። መንግሥት ከነፃነት በኋላ የሞከረው የመጀመሪያ መፍትሔ የውጭ ባለሙያዎች የመከሩት ነበር። ለተመረጡ ሰፋሪዎች ትራክተርና ቤት በመንግሥት ወጪ ቀረበ። ወጪው ከምርቱ በልጦ ሰፋሪዎቹ ጠባቂ ሆኑ፤ ዕቅዱም በ1966 ተቋረጠ።

በዚያው ጊዜ በደቡባዊው የሩቩማ ክፍለ አገር፣ ከሶንጌያ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሌላ ነገር ይበቅል ነበር። ጥቂት የታኑ ወጣቶች በነፃነቱ ዋዜማ ሊቶዋ በተባለ ስፍራ ጫካ መንጥረው በጋራ ማረስ ጀመሩ። ያዘዛቸው አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ቢቸገሩም ጸኑ። የአካባቢው መንደሮች አርአያቸውን ተከትለው በ1963 የሩቩማ ልማት ማኅበርን አቋቋሙ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ማኅበሩ ከ15 በላይ መንደሮችን አቅፎ ነበር። የእህል ወፍጮና የእንጨት መሰንጠቂያ ነበረው። ሊቶዋ ላይ የራሱን ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ምን እንደሚዘራና ትርፉ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚወስነው የመንደሩ ጉባኤ ነበር።

ኔሬሬ ይህንን ማኅበር በቅርብ ይከታተሉትና ይደግፉት ነበር። በ1967 ስለ ገጠር ሶሻሊዝም የጻፉት ጽሑፍ በሊቶዋ ከታየው ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። በዚያ ጽሑፍ መሠረት ሰው በግድ የኡጃማ መንደር አባል ሊሆን አይችልም። ማሳመን እንጂ ማስገደድ አይሠራም።

ችግሩ የመጣው ከጠላት ሳይሆን ከራሱ ከፓርቲው ነው። የራሱን ወፍጮ የሚያስተዳድርና ትምህርት ቤቱን የሚመራ ገበሬ የባለሥልጣን ትእዛዝ አያስፈልገውም። የክፍለ አገሩ ሹማምንትና የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ይህን እንደ ስጋት አዩት። በሴፕቴምበር 1969 ኮሚቴው የሩቩማ ልማት ማኅበር እንዲፈርስ ወሰነ። ንብረቱ ተወሰደ፤ የትምህርት ቤቱ መምህራን ተበተኑ። ኔሬሬ ውሳኔውን አልቀለበሱትም። ሐሳባቸው በተግባር የሚታይበትን ስፍራ የገዛ ፓርቲያቸው ሲዘጋው ዝም አሉ።

ከማሳመን ወደ ማዘዝ

ከዚያ በኋላ ኡጃማን የማስፋፋቱ ኃላፊነት በካድሬዎችና በሹማምንት እጅ ገባ። የእነርሱ ሥራ የሚለካው ስንት መንደር አቋቋሙ በሚል ቁጥር ነበር። በገበሬው በኩል ደግሞ ጥርጣሬው አደገ። በዲሴምበር 1971፣ በገና ዕለት፣ የኢሪንጋ ክፍለ አገር አስተዳዳሪ ዶክተር ዊልበርት ክሌሩ በአንድ የበቆሎ ገበሬ ማሳ ላይ በጥይት ተገደሉ። ገዳዩ መሬቱን በራሱ ጉልበት ያቀና፣ ማሳው ወደ ጋራ እርሻ እንዳይጠቃለልበት የፈራ ሰው ነበር። ፍርድ ቤት ቀርቦ የሞት ቅጣት ተፈጸመበት። ገበሬው ለምን እዚያ እንደደረሰ ግን አገሪቱ በቅጡ አልተነጋገረችበትም።

በ1973 መጀመሪያ በመንደር ተሰባስቦ ይኖር የነበረው ሕዝብ ሁለት ሚሊዮን ያህል ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ ኔሬሬ በመንደር መኖር ለሁሉም ግዴታ መሆኑን አስታወቁ፤ ሥራውም እስከ 1976 መጨረሻ እንዲጠናቀቅ ታዘዘ። በምርጫ መሆን አለበት ብለው የጻፉት ሰው በግዴታ ይሁን አሉ። ትዕግሥታቸው አልቆ ነበር። ትምህርት ቤት፣ ንጹሕ ውኃና ክሊኒክ ለተበታተነ ሕዝብ ማዳረስ አይቻልም የሚለው መከራከሪያቸው መሠረት ነበረው። ነገር ግን ትእዛዙ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ምክንያቱ እየጠፋ ትእዛዙ ብቻ ቀረ።

ወታደሮችና የፓርቲ ሚሊሻዎች ቤተሰቦችን በመኪና ጭነው አጓጓዙ። በአንዳንድ ስፍራ ሰው ተመልሶ እንዳይመጣ ጎጆው ተቃጠለ ወይም ጣሪያው ፈረሰ። መንደሮቹ ለአስተዳደር እንዲመቹ በመንገድ ዳር ተደረደሩ። ገበሬው ከማሳው ራቀ፤ የአፈሩንና የውኃውን ጠባይ ከማያውቀው ስፍራ ተቀመጠ። በ1977 በ7,000 ገደማ መንደሮች 13 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሰፍሮ ነበር። በአፍሪካ ታሪክ እስከዚያ ድረስ ይህን ያህል ሕዝብ በዚህ ፍጥነት የተሰባሰበበት ጊዜ አልነበረም።

ዝውውሩ ከድርቅ ጋር ተገጣጠመ። በ1974 እና በ1975 ታንዛንያ እህል በብዛት ከውጭ ለመግዛትና ዕርዳታ ለመለመን ተገደደች። ለምርቱ መውደቅ ድርቁም ዝውውሩም ምክንያት ነበሩ፤ የትኛው እንደሚያመዝን ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከአሥር ዓመት በኋላ የደርግ መንግሥት በመንደር ምሥረታ ዘመቻ ሚሊዮኖችን ከቀዬአቸው ሲያነሣ ያቀረበው ምክንያት ተመሳሳይ ነበር፤ ገበሬው የከፈለው ዋጋም እንዲሁ።

ዋጋውን የሚተምነው ማን ነው?

የመንደሩ ዘመቻ ብዙ ሲነገርለት፣ ኢኮኖሚውን ቀስ በቀስ የበላው ግን ሌላ ነገር ነው። ታንዛንያ ከነፃነት በፊት የነበሩ ጠንካራ የገበሬ ዩኒየኖች ነበሯት። በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ የቻጋ ቡና አምራቾች ከ1930ዎቹ ጀምሮ ቡናቸውን በራሳቸው ማኅበር ይሸጡ ነበር። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የነበረው የጥጥ አምራቾች ዩኒየን በአፍሪካ ከታላላቆቹ አንዱ ነበር። ሙስናና የአስተዳደር ድክመት አልጠፋባቸውም። ቢሆንም የገበሬው ነበሩ።

በ1976 መንግሥት እነዚህን ዩኒየኖች በሙሉ አፈረሰ። በምትካቸው ለእያንዳንዱ ሰብል አንድ መንግሥታዊ ድርጅት ቆመ። ገበሬው ለዚያ ድርጅት ብቻ፣ መንግሥት በተመነው ዋጋ እንዲሸጥ ተገደደ። የድርጅቶቹ የሠራተኛ ብዛት፣ የመኪናና የቢሮ ወጪ የሚሸፈነው ከገበሬው ዋጋ ላይ ተቀንሶ ነበር። ክፍያው ይዘገያል፤ አንዳንዴም በገንዘብ ፈንታ የዱቤ ወረቀት ይሰጣል። ገበሬው መልሱን በአደባባይ አልሰጠም። ቡናውን በሌሊት ወደ ኬንያ አሻገረ፤ በቆሎውን በጥቁር ገበያ ሸጠ፤ አለዚያም ለቤቱ የሚበቃውን ብቻ ዘራ።

ሲሳል ሌላው ማሳያ ነው። ታንዛንያ በ1960ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከ200 ሺህ ቶን በላይ እያመረተች በዓለም ግንባር ቀደም ነበረች። በ1980ዎቹ አጋማሽ ምርቱ ከ50 ሺህ ቶን በታች ወረደ። ሰው ሠራሽ ገመድ ዋጋውን መስበሩ እውነት ነው። ሆኖም የመንግሥት እርሻዎቹ አስተዳደር ደካማ መሆኑና ሽልንጉ ከዋጋው በላይ መተመኑ ጉዳቱን አባብሰውታል። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ቁጥር በበኩሉ በ1967 ከነበረው ጥቂት ደርዘን ተነሥቶ በ1980ዎቹ ወደ 400 ተጠጋ። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች መለዋወጫና ጥሬ ዕቃ አጥተው ከአቅማቸው ግማሽ በታች ይሠሩ ነበር።

እዚህ ላይ ሚዛኑን መጠበቅ ያስፈልጋል። የነዳጅ ዋጋ በ1973 እና በ1979 ሁለት ጊዜ አሻቅቧል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ1977 ፈርሶ ታንዛንያ የጋራ የነበሩትን አየር መንገድና ባቡር ለብቻዋ እንደገና ማቋቋም ነበረባት። በ1978 የዩጋንዳው ኢዲ አሚን ጦር ካጌራ የተባለውን አካባቢ ወረረ። የታንዛንያ ጦር ወራሪውን አባርሮ በኤፕሪል 1979 ካምፓላ ሲገባ፣ ጦርነቱ ለድሃዪቱ አገር 500 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ወጪ አስከትሎ ነበር። የትኛውም ሥርዓት እነዚህን ምቶች ሳይንገዳገድ አያልፍም። ታንዛንያ ግን ከመመታቷ በፊት ገበሬዋን አድክማ ነበር።

ሳይፈርስ የቆመው

የኡጃማ ሒሳብ በዚህ አያበቃም። ጎልማሶችን ለማስተማር በስዋሂሊ የተካሄደው ዘመቻ እስከ ሩቅ መንደር ዘልቋል። በ1970 ከጎልማሳው ሕዝብ አብዛኛው መሃይም የነበረ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማንበብ የማይችለው ከአምስት አንዱ ያህል ብቻ ነበር። ከ1977 ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም እንዲዳረስ ተደርጎ፣ ለትምህርት የደረሰው ሕፃን ከሞላ ጎደል ክፍል ገባ። የመንደር ክሊኒኮችና የክትባት አገልግሎት ተስፋፉ።

ከ120 በላይ ብሔረሰቦች በአንድ ቋንቋ መነጋገራቸውና አገሪቱ የጎሳ ጦርነት ሳይነካት መቆየቷም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ለዚህ የስዋሂሊ ቋንቋ፣ የጋራ ትምህርትና ከየክልሉ የመጡ ወጣቶችን አንድ ላይ የሚያኖረው የትምህርት ቤት ምደባ አስተዋጽዖ አድርገዋል። 1,860 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የታዛራ ባቡር መስመርም በቻይና ወለድ አልባ ብድር ተሠርቶ፣ ዛምቢያን ከነጮች አገዛዝ ሥር በነበረችው ሮዴዥያ በኩል ከሚያልፈው መስመር ጥገኝነት አላቅቋል።

የሚገርመው በራስ መተማመንን የሰበከችው ታንዛንያ በ1970ዎቹ ከአፍሪካ ለነፍስ ወከፍ ከፍተኛ የውጭ ዕርዳታ ከሚቀበሉት አገሮች አንዷ መሆኗ ነው። የስካንዲኔቪያ አገሮችና የዓለም ባንክ ገንዘቡን አፈሰሱ። ክሊኒኩና ትምህርት ቤቱ የተሠራው በከፊል በዚያ ገንዘብ ነበር። ዕርዳታው ሲቀንስ አገልግሎቱን የሚሸከም ኢኮኖሚ ከሥሩ አልነበረም።

ከአይ ኤም ኤፍ ጋር ፍጥጫ

በ1979 አይ ኤም ኤፍ ለብድሩ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። የሽልንጉ ተመን እንዲወርድ፣ የመንግሥት ወጪና ድጎማ እንዲቀነስ ጠየቀ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ኤድዊን ምቴይ መስማማት ይሻላል አሉ። ኔሬሬ አልተቀበሉም፤ ሚኒስትሩም ሥራቸውን ለቀቁ። ለፕሬዚዳንቱ ነገሩ የሉዓላዊነት ጥያቄ ነበር። ያልተመረጠ ተቋም የአንድን ሕዝብ ትምህርትና ጤና በጀት ሊወስን አይገባም ብለው ያምኑ ነበር። ክርክራቸው በብዙ ድሃ አገሮች ዘንድ ተሰሚነት አገኘ።

ይሁን እንጂ አማራጭ ዕቅዳቸው አልያዘም። በ1983 መንግሥት የኢኮኖሚ አሻጥረኞች ባላቸው ነጋዴዎች ላይ ዘምቶ ብዙዎችን አሰረ። ዕቃ ግን በአሰሳ አይመረትም፤ ከሱቁ የጠፋው ዘመቻው ካበቃ በኋላም አልተመለሰም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1985፣ ኔሬሬ ፕሬዚዳንትነቱን ለአሊ ሐሰን ምዊኒ አስረከቡ። ማንም አላስገደዳቸውም። ራሳቸው መፈረም ያልፈለጉትን ስምምነት ተተኪያቸው በ1986 ፈረሙ።

ሱቆቹ ሞሉ። በሌላ በኩል ወላጆች የትምህርት ቤትና የሕክምና ክፍያ ተጠየቁ፤ ትምህርት ቤት የሚገባው ሕፃን ቁጥር በ1990ዎቹ አሽቆለቆለ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ክፍያ የተነሣው በ2001 ነው። ስለዚህ የታንዛንያ ታሪክ ገበያው ኡጃማ ያበላሸውን አቃናው በሚል አጭር ዓረፍተ ነገር አይጠቃለልም።

ከሥልጣን በኋላ

ኔሬሬ ወደ ቡቲያማ ተመልሰው እርሻ ያዙ። እስከ 1990 የገዢው ፓርቲ ሊቀ መንበር ሆነው ቆዩ። ከ1987 ጀምሮ የታዳጊ አገሮችን ችግር ያጠናውን የደቡብ ኮሚሽን መሩ። ብዙ ታንዛንያውያን የአንድ ፓርቲ ሥርዓት ይቀጥል ባሉበት ጊዜ፣ አንድ ፓርቲ ለራሱ እየሰነፈ መሄዱን ተመልክተው የብዙ ፓርቲ ሥርዓት እንዲፈቀድ መከሩ። ፓርቲያቸው በ1991 የመሪዎችን ደንብ ሲያላላ አዘኑ። በሕይወታቸው መጨረሻ የቡሩንዲን የሰላም ድርድር አሩሻ ላይ ይመሩ ነበር። ኦክቶበር 14 ቀን 1999 በደም ካንሰር ለንደን ውስጥ አረፉ፤ አስከሬናቸው በተወለዱባት ቡቲያማ ተቀበረ።

ከዚህ ሕይወት ዛሬ አማራጭ የሚፈልግ ሰው ምን ይወስዳል? የመጀመሪያው ትምህርት የንብረት ባለቤትነት ስም ብቻውን ምንም እንደማይወስን ነው። ሊቶዋም በ1976 የቆሙት የሰብል ድርጅቶችም የጋራ ይባሉ ነበር። በአንዱ ገበሬው ወሰነ፤ በሌላው ተወሰነበት። የመጀመሪያው በሹማምንት ተገደለ፤ ሁለተኛው ራሱን ገደለ። ዛሬ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የመንግሥት ልማት ድርጅት ወይም የጋራ እርሻ ይቋቋም የሚል ሁሉ መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ዋጋውን የሚተምነው፣ ሒሳቡን የሚመረምረውና መሪውን የሚሽረው ማን ነው የሚለው ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ ይከተላል። ፕሬዚዳንቱ ቅን ነበሩ፤ ቅንነታቸው ግን ስሕተትን የሚያርም ተቋም ሊሆን አልቻለም። ነፃ ጋዜጣ፣ ተቃዋሚ ፓርቲና ራሱን የቻለ የገበሬ ማኅበር ቢኖሩ ኖሮ በማሳው ያልተሰበሰበው እህል ዜና ዳሬሰላም የሚደርሰው ከረሃቡ በፊት ነበር። መምህሩ የሚሰሙት ተማሪዎቻቸው የሚያቀርቡላቸውን ሪፖርት ብቻ ሆነ።

ሦስተኛው ደግሞ ለኔሬሬ የሚመሰክር ነው። ሕዝቡ ልቡን የሰጠባቸው ሥራዎች ከሥርዓቱ በላይ ዕድሜ አግኝተዋል። ፊደል የቆጠረው ገበሬ፣ በአንድ ቋንቋ የሚግባባው ሕዝብና ሹም ከሕዝብ ሀብት እጁን ይሰብስብ የሚለው መመዘኛ ዛሬም አሉ። የታንዛንያ መሬት እስከ ዛሬ በሕግ የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ኡጃማንና በራስ መተማመንን ይጠቅሳል። ባለሥልጣን ሲሰርቅ ሰዉ የሚያነጻጽረው ከምዋሊሙ ጋር ነው።

ከነፃነቱ ዋዜማ ጀምሮ በሊቶዋ ጫካ የመነጠሩት ወጣቶች ያዘዛቸው አልነበረም። ኔሬሬ በመጽሐፍ የጻፉት ምኞት በምድር ላይ የታየው እዚያ ነው። የኡጃማ ትልቁ ኪሣራ በ1980ዎቹ ባዶ የሆነው መደርደሪያ ከመሆኑ በፊት፣ በ1969 የተዘጋው ያ የመንደር ጉባኤ ነው።